ችግሩ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው

ጥያቄ፦ አያቴ በድሮ ፎቶ ላይ ያጠለቁትን የአንገት ጌጥ አስመስዬ ለእህቴ የሠርግ መልስ እየሠራሁ ነው። መሀሉ ጠገራ ብር፣ ግራና ቀኙ የብር ዶቃና አምበር፣ በየመሀሉ ቀይ ጨሌ። በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ሰካሁት፤ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ። ወፍራም ክር ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወፍራም ክር ለመግዛት አትቸኩዪ። መጀመሪያ የተበጠሰውን ጫፍ ብርሃን ላይ ይዘሽ እዪው። በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ ቀዳዳው ስለት አለው። ነጣ ብሎ ከተላላጠ ሲፋተግ ከርሟል። ቋጠሮው ተፈትቶ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የናይለኑ ነው፤ ያንሸራትታል፣ ቋጠሮ አይዝም።

እኔ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው። የብር ዶቃ ከውጭ ሲበሳ ስለቱ ወደ ውስጥ ይቀራል። በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይገኝም። ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥጥ ጠቅልዪና ቀዳዳው ውስጥ አዙሪው። ጥጡ ከተያዘ ክርሽን የሚበላው እሱ ነው። በቀጭን ድቡልቡል ሞረድ ሁለት ሦስቴ ቀስ አድርገሽ አዙሪ፣ ብናኙን አራግፊ፣ እንደገና በጥጥ ሞክሪ። ጥጡ ሳይያዝ እስኪወጣ ድረስ ነው። ዶቃው የአያትሽ ከሆነ ግን ራስሽ አትሞርጅው፤ ለአንጥረኛ ስጪው።

የጠገራውን ማንጠልጠያ ቀለበትም እዪ። ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ክብደት አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ቀለበቱ በደንብ ካልተገጠመ ክሩ ቀስ እያለ ክፍተቱ ውስጥ ይገባና ይቆረጣል። አንጥረኛ ይበይድልሽ፤ ብየዳው እሳት ስለሆነ ግን ዶቃው ሳይሰካ በፊት ይሁን። ክሩንም በቀለበቱ ሁለት ጊዜ አሳልፊው። (ጠገራው ላይ 1780 የሚል ስላየሽ የዚያን ዘመን ነው አትበዪ። ከዚያ በኋላ የተመቱትም ሁሉ ይኸው ዓመት ነው ያለባቸው።)

ናይለኑን ተዪው። የጫማ ሰፊዎችን ሰም የተቀባ ጥቁር ክር ግዢ። ሰም ከሌለው በንብ ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ ጎትቺው። አብረቅራቂው ናይለን እኮ በየዶቃው መሀል ብቅ እያለ የድሮውን መልክም ያጠፋዋል። ለ60 ሴንቲሜትር ጌጥ ሁለት ሜትር ተኩል ቆርጠሽ እጠፊው፤ ቋጠሮ ብዙ ክር ይበላል።

አምበር ለስላሳ ነው፤ ብር አጠገቡ ሆኖ ሲፋተግ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ አምበር ግራና ቀኝ ቋጥሪ። ቋጠሮውን ልል አድርገሽ መርፌ አስገቢበት፣ በመርፌው እየገፋሽ ዶቃው ጥግ አድርሺውና መርፌውን አውጥተሽ ሳቢው። ጨሌውም ለውበት ብቻ አይደለም፤ ትልልቆቹ እንዳይጋጩ ይከላከላል። ከትልቁ ዶቃ ቀዳዳ የሚበልጥ ይሁን፣ አለዚያ ይዋጣል።

አምበር ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ፕላስቲክ ነው። ገና ሳትሰኪው፣ ጨው መሟሟት እስኪያቆም በተበጠበጠ ውኃ ውስጥ አንዱን ጣዪ። ከሰመጠ አምበር አይደለም። ስለተንሳፈፈ ግን እውነተኛ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክም አለ።

ጫፉ ላይ ሱፐር ግሉ እንዳታደርጊ። ክሩ ደርቆ እዚያው ላይ ይሰበራል። በመጨረሻው ቋጠሮም አትቸኩዪ፦ ለጊዜው በሚፈታ ቋጠሮ እሰሪና ሌሊቱን ሚስማር ላይ አንጠልጥለሽው እደሪ። ክብደቱ ክሩን ይስበዋል። ጠዋት የላላውን ሰብስበሽ ያኔ አጥብቀሽ ቋጥሪ።