ብርቱካኑ ቢጫ ሲሆን፦ የምግብ እጥረት ነው ወይስ በሽታ?

ሰላም ወንድማችን። ዘጌ ያለው ብርቱካንዎ እዚህም እዚያም ቢጫ እያለ መምጣቱን ገልጸው፣ ማዳበሪያ ልጨምር ወይስ ተላላፊ በሽታ ነው፣ እየተዛመተ መሆኑንስ በምን ልወቅ ብለዋል። ማዳበሪያውን ለጊዜው ያቆዩት። ቢጫነት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋናው ነገር ቢጫው ቅጠሉ ላይም ማሳው ላይም የያዘው ቅርጽ ነው።

ቅጠል ቀጥፈው ብርሃን ላይ አንስተው ይዩት። የመካከለኛውን ደም ሥር ግራና ቀኝ ያነጻጽሩ። ለጋ ቅጠል ላይ ቢጫው በደም ሥሮቹ መካከል፣ በሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የዚንክ ወይም የብረት እጥረት ነው። የበሰለ ቅጠል ላይ ግራና ቀኙ ሳይመሳሰል ደም ሥሩን እየተሻገረ ከተዥጎረጎረ ግን ሲትረስ ግሪኒንግ የሚባለውን፣ በነፍሳት የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ይጠርጥሩ። ፍሬውንም በቁመቱ ይሰንጥቁት፤ መሐሉ ከጠመመ፣ ዘሩ ከጫጨና ቡናማ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። ክብ ቡናማ ነጥብ በቢጫ ቀለበት ተከቦ ካዩ ያ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው፣ በዝናብና በነፋስ ይዛመታል፣ የረገፈውን ቅጠልና ፍሬ ለቅሞ ማቃጠል ያስፈልጋል።

የለጋውን ቅጠል ጀርባ አይዝለሉ። ከሥር ትንንሽ ጉድጓድ፣ ከላይ እብጠት ካለ ግሪኒንግን የምታስተላልፈው ሲላ የምትባለው ነፍሳት አርፋበታለች። ቀዝቀዝና እርጥብ ያለ ደጋማ አየር ስለሚስማማት የጣና ዳር ይመቻታል። ጉድጓዱ ግን የእሷን መኖር እንጂ የዛፉን መታመም አያረጋግጥም።

ስርጭቱን ለመከታተል ማሳውን ወረቀት ላይ ይሳሉ፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ የረድፍና የተራ ቁጥር ይስጡ። በየወሩ፣ በተለይ አዲስ ቅጠል በሚወጣበት ጊዜ፣ ዛፉን ከአራቱም አቅጣጫ እየዞሩ በየአቅጣጫው አምስት አምስት ቀንበጥ ይዩ። ግሪኒንግ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቅርንጫፍ ስለሚጀምር ከአንድ ወገን ብቻ አይቶ ማለፍ ያሳስታል። ንጹሕ 0፣ አንድ ቅርንጫፍ 1፣ ግማሽ ዛፍ 2፣ ሙሉው 3 ብለው ከነቀኑ ይመዝግቡ፤ የተጠረጠረው ቅርንጫፍ ላይ ጨርቅ አስረው ምልክት ያድርጉበት።

ሁለት ሦስት ወር ሲጠራቀም ካርታው ራሱ ይናገራል። ከማሳው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ ከገባ በራሪ ነፍሳት አለ። ውሃ የሚተኛበት ረባዳ ላይ ከተጠራቀመ ሥር አበስባሽ ነውና ከግንዱ ሥር ሙጫ ይፈልጉ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ የመጡ ችግኞች ብቻ ከታመሙ ችግሩ የመጣው ከችግኙ ጋር ነው። ማሳው በሙሉ እኩል ከገረጣ ወደ አፈሩ ይመለሱ።

ማረጋገጫው የፒሲአር ምርመራ ነው፤ ይህ በላቦራቶሪ የበሽታውን ተህዋስ ዘረመል ቅጠሉ ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ ነው። ምልክት ካለው ቅርንጫፍ ቅጠል ከነአንገቱ ቀጥፈው፣ በወረቀት ጠቅልለው፣ ቀዝቃዛ ቦታ አቆይተው ቶሎ በግብርና ባለሙያዎ በኩል ይላኩ። ግሪኒንግ መሆኑ ከታወቀ መድኃኒት የለውምና ዛፉ ይነቀላል። ከመንቀልዎ በፊት ግን ሲላዋን በፀረ ተባይ ይግደሉ፤ አለበለዚያ እየተነሳች ጎረቤት ዛፍ ላይ ታርፋለች። የተያዘ ዛፍ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ምልክት ላያሳይ ስለሚችል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ከዚያ ማሳ ችግኝም ሆነ ለማዳቀያ የሚሆን ቅርንጫፍ ለማንም አይስጡ።