ውኃውን ማን ይቅዳ፣ ሽንኩርቱን ማን ይክተፍ?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። የ11 ዓመት ወንድ፣ የ8 ዓመት ሴትና የ4 ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ። እኔ ሥራ ስውል ውኃ መቅዳቱም፣ ዕቃ ማጠቡም፣ ቡና ማፍላቱም በሴቷ ላይ ወድቋል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ «ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም» ይላሉ። እሳቸውን ሳላስቀይም ሥራውን እንዴት ላከፋፍል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጀሪካኑ ልጀምር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማችን፣ የመጣ ቀን ትልቅ ትንሹ እንደሚሯሯጥ አውቃለሁ። ግን ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ የ8 ዓመት ልጅ ራሷ ብትመዘን 25 ኪሎ ገደማ ናት። ከዛሬ ጀምሮ አንሺላት። ለትልቁም ይከብደዋል። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይያዙ፣ ትልቁን እናንተ አዋቂዎቹ ቅዱ።

ቡና ማፍላቱም ይቆይላት። ማቃጠሉ ብቻ አይደለም፤ ከሰል የሚያወጣው መርዛማ አየር ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ስኒ አጥባ ረከቦቱ ላይ ትደርድር፣ ፈንዲሻውን ታቅርብ፤ ለዕድሜዋ ይበቃል። ከትምህርት ቤት ስትመለስም ቀድማ ትብላ፣ ታጥና።

ትንሹ ጫማ ጥንድ ጥንዱን ያስቀምጥ፣ ምስር ስትለቅሚ አጠገብሽ ሆኖ ጠጠር ይፈልግ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሥራ ይወዳል፤ አበላሸህ እያልን የምናስጠላው እኛ ነን። በረኪና ግን በሃይላንድ ጠርሙስ እንዳታስቀምጪ፣ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

አሁን ወደ ትልቁ። አልጋውን ያንጥፍ፣ ዕቃ ይጠብ፣ ሽንኩርት መክተፍም ይልመድ። መጀመሪያ ለሁለት ይሰንጥቀው፤ ጠፍጣፋውን ጎን መክተፊያው ላይ ይድፋው፣ ያኔ አይንከባለልበትም። የያዘበትን እጅ ጣቶች ወደ ውስጥ ያጥፋቸው። ቢላውም ስለት ይኑረው፤ እጅ የሚቆርጠው ዶልዱሙ ነው፣ ስለሚጫኑት ያንሸራትታል። አንድ አዋቂ ግን አጠገቡ ይኑር።

ያ አዋቂ አማትሽ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ልማዳቸውን ፊት ለፊት አትንቀፊባቸው። ቡና ላይ፣ ቀስ ብለሽ፣ «እማማ፣ የቁርባኑን ኅብስት በቤተ ልሔም የሚጋግሩት ዲያቆናቱ አይደሉ? ወንዶች አይደሉ?» በያቸው። እሳቸው ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። በየደብሩ ያሉት ዲያቆናት ብዙዎቹ ከልጅሽ ብዙም አይበልጡም። ከዚያ «ሽንኩርቱን እርስዎ ያስተምሩልኝ፣ እኔ ሥራ ነኝ» በያቸው። የልጅ ልጅ ማስተማርን እምቢ የሚሉ አያት እምብዛም አላየሁም። እሳቸው ካስተማሩት ደግሞ፣ ጎረቤት መጥቶ «ወንዱን ጓዳ አስገባችሁት?» ቢል ቀድመው የሚመልሱለት እሳቸው ናቸው።