ዜሮ ሪፖርት ("ታማሚ አልተገኘም" የሚለውን) ለምትልኩ ወጣት የጤና ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ ጤና ላይ ገና ስራ የጀመራችሁ፣ ክትባት ስለተገኘ ብቻ በሽታ ከምድር ይጠፋል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የፈንጣጣ ክትባት እኮ ከ1796 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ነበረ፣ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ 300 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ጨርሷል። ያጠፋው ክትባቱን ይዞ በሽተኛ መፈለጉ ነው።

በ1966 መጨረሻ ምስራቅ ናይጄሪያ ውስጥ ዶክተር ዊልያም ፌጊ ክትባት አጠረውና የታመመውን እየፈለገ በዙሪያው ያሉትን ብቻ ከተበ፣ ወረርሽኙ ቆመ። ፈንጣጣ ለዚህ ይመቻል፣ እንስሳ ውስጥ አይደበቅም፣ ፊት ላይ ስለሚወጣ ማንም ያውቀዋል። ወባ ግን ሰው ሳያመው ተሸክሞት ይዞራል፣ ትንኟም አለች።

እኛ ጋ ፈንጣጣን የማጥፋት ስራው በ1971 ሲጀመር ሰራተኞቹ የታመመ ህጻን ፎቶ ያለበት ካርድ ይዘው ገበያ ለገበያ፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞሩ "እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?" እያሉ ጠየቁ፣ በዚያው አመት ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተገኘ። በሽታው ብሶበት አይደለም፣ ፈላጊ ስላገኘ ነው። የዛሬ አለቃ ቢሆን "ለምን ጨመረ" ብሎ ስብሰባ ይጠራ ነበር! ቁጥሩ ሲወጣ ያልደነገጡ ሰዎች ናቸው በ1976 ኦጋዴን ላይ የአገራችንን የመጨረሻ ታማሚ ያገኙት።

በቀጣዩ አመት ሶማሊያ መርካ ላይ አሊ ማው ማሊን የሚባል የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ታመመ፣ መርፌው ያማል ብሎ ክትባት የሸሸ ሰው ነበር፣ በፈንጣጣ የታመሙ ልጆች የጫነ መኪና ላይ ወጥቶ መንገድ ሲያሳይ ነው በሽታው የያዘው። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘ የአለም የመጨረሻ ሰው እሱ ሆነ፣ ድኖም በኋላ ለፖሊዮ ክትባት ሲቀሰቅስ ኖረ። እናንተም መጀመሪያ ራሳችሁ ተከተቡ እሺ፣ ጤና ተቋም ውስጥ መስራት ክትባት አይደለም።

በመጠጥ ውሃ ሰው ውስጥ የሚገባውን ትል፣ ጊኒ ዎርምን ደግሞ እዩት፣ ክትባት የለው፣ የሚገድለው መድኃኒት የለው፣ በ1986 በአመት 3.5 ሚሊዮን ሰው ይይዝ የነበረው በዋናነት ውሃ በማጣራትና በሽተኛ በመፈለግ ጣት ላይ የሚቆጠር ሆኗል። ጋምቤላ ከተመደባችሁ ታዲያ ሰው ብቻ አትጠይቁ፣ ውሻውንም ዝንጀሮውንም ጠይቁ፣ ትሉ እነሱም ላይ አለ። የሰው ቁጥር ዜሮ ነው ብላችሁ ፋይሉን እንዳትዘጉት።