ፒንግ እየሠራ ድረ ገጽ የማይከፍተው ኮንቴይነር

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን የኡቡንቱ ሰርቨር ወደ ውጭ የሚገናኘው በዋየርጋርድ ቪፒኤን በኩል ነው። በዶከር ካስነሣሁት ኮንቴይነር (በሰርቨሩ ውስጥ ተለይቶ ከሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) ወደ ውጭ ፒንግ፣ ማለትም ትንሽ የመሞከሪያ መልእክት፣ ስልክ ምላሽ አገኛለሁ፤ የድረ ገጾችን ስም ወደ አይፒ አድራሻ መለወጥም አይቸግረውም። በኤችቲቲፒኤስ መረጃ ለማምጣት ስሞክር ግን ግንኙነቱ ይጀመርና ሳይቋረጥም ሳይቀጥልም ዝም ብሎ ይቆያል። ያንኑ ትእዛዝ በራሱ በሰርቨሩ ላይ ሳስኬደው ወዲያው ይሠራል። ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠውን አገልግሎት) እና ፋየርዎሉን ደጋግሜ ፈትሻለሁ። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹት ምልክት በቀጥታ ወደ ኤምቲዩ፣ ማለትም አንድ የኔትወርክ መስመር በአንድ ጊዜ ሊያሳልፈው ወደሚችለው ትልቁ የፓኬት (በኔትወርክ ላይ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) መጠን ይመራል። ዋየርጋርድ እያንዳንዱን ፓኬት መሥጥሮ በሌላ ፓኬት ውስጥ ስለሚያሽገው ለመጠቅለያው 80 ባይት ይተዋል፤ ስለዚህ የቪፒኤኑ ኤምቲዩ አብዛኛውን ጊዜ 1420 ነው። የዶከር ብሪጅ፣ ማለትም ኮንቴይነሮቹን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው የውስጥ ኔትወርክ፣ ግን ይህን ሳያውቅ በ1500 ይነሣል።

ሰርቨሩ ራሱ ግንኙነት ሲጀምር የቪፒኤኑን መጠን ስለሚያውቅ፣ ከ1420 ላይ ለአይፒና ለቲሲፒ ራስጌ (በፓኬቱ መጀመሪያ ላይ ለሚቀመጠው የአድራሻና የቁጥጥር መረጃ) 40 ባይት ቀንሶ «በአንድ ፓኬት ከ1380 ባይት በላይ አትላክልኝ» ብሎ ለወዲያኛው ወገን ያስታውቃል። ኮንቴይነሩ ግን የሚያየው የራሱን 1500 ብቻ ስለሆነ 1460 ብሎ ያስታውቃል። ፒንግና የዲኤንኤስ ጥያቄ ትንንሽ ስለሆኑ ያልፋሉ፤ የድረ ገጹ ሰርቲፊኬት (የማንነት ማረጋገጫው) ሲላክ ግን ፓኬቱ ሙሉ መጠን ይይዝና ቪፒኤኑ በር ላይ ይወድቃል። «ፓኬቱ ከልክ በላይ ትልቅ ነው፣ አሳንሰው» የሚለው የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ችግር ማሳወቂያ) መልእክት ወደ ላኪው መድረስ ነበረበት፤ መንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል ሲከለክለው ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁ ይጠባበቃሉ። አይሲኤምፒን በጅምላ መዝጋት ደኅንነት የሚመስላቸው አስተዳዳሪዎች ይህን ጉዳት ቢያጤኑት እንወዳለን።

ለማረጋገጥ፣ ብዙ ኮንቴይነሮች የተሟላ የፒንግ መሣሪያ ስለማይኖራቸው ኤንኤስኤንተር በተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ወደ ኮንቴይነሩ የኔትወርክ ኔምስፔስ (ለብቻው ወደተከለለለት የኔትወርክ ክፍል) ብቻ ገብተው የሰርቨሩን ፒንግ ይጠቀሙ። ፓኬት እንዳይቆራረጥ የሚከለክለውን አማራጭ ጨምረው በ1472 ባይት ይሞክሩ፤ ከ28 ባይት ራስጌ ጋር 1500 ይሆናል። ይህ ወድቆ 1392 (1420 ሲቀነስ 28) ካለፈ ምክንያቱ ተገኝቷል።

መፍትሔው በዶከር የቅንብር ፋይል፣ በዴመን ዶት ጄሰን፣ ኤምቲዩን 1420 ብሎ ዶከርን እንደገና ማስነሣት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ መስመር የሚሠራው ለነባሪው ብሪጅ ብቻ ሲሆን፣ በኮምፖዝ (ብዙ ኮንቴይነሮችን በአንድ ፋይል በሚያስነሣው የዶከር መሣሪያ) የተፈጠሩ ኔትወርኮች በየራሳቸው የኔትወርክ አማራጭ ውስጥ ኤምቲዩው ሊጻፍላቸውና ጠፍተው እንደገና ሊፈጠሩ ይገባል። ኔትወርኮቹ ብዙ ከሆኑ በሰርቨሩ አይፒቴብልስ (የሊኑክስ የፋየርዎል መሣሪያ) ላይ፣ በሚያልፈው የቲሲፒ ግንኙነት ውስጥ የሚታወቀውን ኤምኤስኤስ፣ ማለትም ከላይ እንደ 1380 እና 1460 ያየነውን ቁጥር፣ ከመንገዱ ኤምቲዩ ጋር የሚያስተካክል አንድ ደንብ መጨመር ይቀላል።

ኮንቴይነሩን በሰርቨሩ ኔትወርክ ላይ በቀጥታ ማስነሣት ችግሩን ያጠፋዋል፤ ለምርመራ ይጠቅማል እንጂ ለዘለቄታው አንመክረውም፣ ኮንቴይነሩን ከሰርቨሩ የሚለየውን የኔትወርክ ግድግዳ ያፈርሳልና። 1392ም ካላለፈ በቪፒኤኑ ሥር ያለው መስመር ራሱ ከ1500 ያነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ፒንጉ እስኪያልፍ ድረስ መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሱና ባገኙት ቁጥር ላይ 28 ደምረው ኤምቲዩ አድርገው ይጻፉት።