ለልጆች ጾም መቼ ነው ዋጂብ (ግዴታ) የሚሆነው? (ጥያቄና መልስ)

ኡስታዝ፦ ወዓለይኩሙሰላም ወራህመቱላህ። እስከ ዒሻ (የምሽት ሶላት) የደረስኩትን እመልሳለሁ። አደራ፣ ዕድሜ ብቻ አትጻፉልኝ፤ ለአካለ መጠን የመድረስ ምልክት ታይቶ እንደሆነም ጻፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ይጹም?

መልስ፦ አሁን ምን አልኩ? ባሊግ ሆኗል (ለአካለ መጠን ደርሷል)? በእንቅልፉ የዘር ፈሳሽ ከወጣው በ12ም ግዴታው ነው። ካልሆነ ገና ነው።

ጥያቄ፦ ምልክት ካላየስ? 15 የሚባለው በየትኛው አቆጣጠር ነው?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁ! በሂጅራ ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ 15 የሂጅራ ዓመት በእኛ 14 ዓመት ከመንፈቅ ግድም ይሞላል። የልደት ካርዱ 15 እስኪል የሚጠብቅ ወላጅ አንድ ረመዷን ሊያሳልፍ ይችላል። መነሻው የሶሐባው (የነቢዩ ባልደረባ) የኢብኑ ዑመር ሐዲስ ነው፤ ለኡሑድ ጦርነት በ14 ዓመቱ ቀርቦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መለሱት፣ ለኸንደቅ ጦርነት በ15 ፈቀዱለት።

አባል፦ ኡስታዝ፣ እኛ ወሎ ሐነፊዮች ነን፤ የኢማም አቡ ሐኒፋን መዝሀብ (የሕግ መንገድ) ነው የምንከተለው። አቡ ሐኒፋ ለወንድ 18፣ ለሴት 17 ብለዋል።

ሌላ አባል፦ ለጎረምሳ ሰበብ አትፈልግለት! እኔ በ7 ዓመቴ ሙሉውን ጾሜያለሁ።

ሦስተኛ አባል፦ ጓዳ ገብተህ ውኃ ስትጠጣ እኮ አብረን ነበርን።

ኡስታዝ፦ በቃ። የወሎው ወንድማችን የጠቀሰው ትክክል ነው። ግን ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ 15 ብለዋል፤ የመዝሀቡ ፈትዋም (የሚሠራበት ብያኔ) በዚያው ነው። ደግሞ ይህ ሁሉ ምልክት ላላየ ነው። ምልክት ከታየ ዕድሜ አይቆጠርም!

ጥያቄ፦ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ያፍጥር?

መልስ፦ ፈተና በሽታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስኳር ያለበት ልጅስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሐኪሙ ይናገር።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ ባለፈው ወር ሐይድ (የወር አበባ) አየች። ገና ሕፃን ናት፣ ዘንድሮ ትለፈኝ?

መልስ፦ አትለፍ እህቴ። ሐይድ ካየች ባሊግ ናት፤ አቅም ካላት ትጾማለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ከደርስ (ከትምህርት) በኋላ ከደብተር የተቀደደች፣ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ደረሰችኝ። ጸሐፊዋ የልጆች እናት ናት። ልጅ ሳለች ወንድሞቿን አፍራ በሐይዷም ቀን ሱሑር እየተነሳች ስትጾም ኖራለች። እናቷ ያን ቀን መጾም እንደሌለባት አልነገረቻትም። ያ ጾም አይቆጠርም፤ ቀዷ (በሌላ ቀን መተካት) አለባት። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የሐይድን ጾም ቀዷ እንድናወጣ፣ ሶላቱን ግን እንዳናወጣ ታዘን ነበር ብለዋል። ያለ ዑዝር (በቂ ምክንያት) ቀጣዩ ረመዷን ከገባባት በሻፊዒይ መዝሀብ ፊድያም (ድሃ ማብላት) ይጨመራል፤ በሐነፊ ቀዷው ይበቃል። እናቶች፣ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው! ወንዶቹም እህታችሁን «ለምን በላሽ?» አትበሉ።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመቱ ልጄ ካልጾምኩ ብሎ ያለቅሳል። እስከ ዙህር (የቀትር ሶላት) ይያዝ?

መልስ፦ ይለማመድ፣ ሲርበው ብላ በሉት። ሶሐቢይቷ ሩበይዕ ቢንት ሙዓዊዝ በዓሹራ (ሙሐረም 10) ቀን ልጆቻቸውን ሲያስጾሙ፣ ለምግብ ያለቀሰውን ከሱፍ በተሠራ መጫወቻ እስከ ኢፍጣር ያባብሉት እንደነበር ተናግራለች። አያችሁ? መጫወቻ እንጂ ዱላ አላለችም።

ጥያቄ፦ ኡስታዝ፣ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ይጹም?

መልስ፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ! ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። አዛን እያለ ነው።