ኦሜፕራዞል ለምትጠይቁኝ ልጆች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል በብዛት የምሰማው የጨጓራ አሲድ መቀነሻውን መድኃኒት «አቦ ጋሼ፣ ኦሜፕራዞል አስር ፍሬ ስጠኝ» የሚለውን ነው። ምን ሆነህ ስለው «ሚጥሚጣ በዝቶብኝ» ይለኛል። ሚጥሚጣ ያልሠራችው ወንጀል ሁሉ ይለጠፍባታል።

ጨጓራ ራሱ ከሚያመነጨው አሲድ የሚጠበቀው ግድግዳውን በሸፈነው ወፍራም ልጋግ ነው፤ ውሃ ውስጥ ያደረ ተልባ እንደሚዝለገለገው ያለ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ይህን ልጋግ የሚያልፍበት ዘዴ አለው። ዩሪኤዝ በተባለ ኢንዛይም ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያው በዙሪያው ያለውን አሲድ ያከሽፋል። አሲዱ ሲከሽፍ ልጋጉ ይቀጥናል፣ ባክቴሪያውም በጭራዎቹ እየዋኘ ግድግዳው ድረስ ይዘልቃል። አንዳንዱ ዝርያ እዚያ ሲደርስ ካግ ኤ የተባለ ፕሮቲን ሴሎቹ ውስጥ ይወጋል። ያን ጊዜ ሴልን ከሴል አጥብቆ የያዘው ማያያዣ ይላላል፣ አሲድም በክፍተቱ ይሰርጋል። ሰውነት ለመከላከል ሲነሳ ደግሞ ግድግዳው ይብሱን ይቆጣል። ባክቴሪያው ያለባቸው ብዙ ሰዎች ግን ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ።

እኛ ተማሪ ሳለን የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ይመጣል ነበር የሚባለው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል «ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው» ሲል የሚያምነው ቢያጣ በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከሥራ ባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። እናንተ እንኳ አትሞክሩት።

ከበርጫ ወደ ጨብሲ፣ ጠዋት ራስ ሲፈልጥ ደግሞ በባዶ ሆድ ዳይክሎፌናክ የምትውጡትን አውቃችኋለሁ። ዳይክሎፌናክ ሰውነት ያንን ልጋግ እንዲያመነጭ የሚያግዘውን ፕሮስታግላንዲን ይቀንሳል። ባክቴሪያው ላለበት ሰው ይህ በቁስል ላይ ቁስል ነው።

ኦሜፕራዞል ብቻውን አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፋም። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ኦሜፕራዞልን ከሁለት አንቲባዮቲኮች ጋር ለ14 ቀን መውሰድ ነው። ክላሪትሮማይሲን አፍ ያመራል፤ ሕመሙ ጋብ ሲል አንዳንዱ የተረፈውን ፍሬ ለጓደኛው ያካፍላል። በዚህ ዓይነት ደግነት መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው የምናተርፈው።

መዳናችሁን በደም ምርመራ አትፈልጉ፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ሰውነት ሊዋጋው ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ደም ውስጥ ስለሚቆይ ውጤቱ «አለ» ሊል ይችላል። አንቲባዮቲኩን ከጨረሳችሁ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉን ካቆማችሁ ሁለት ሳምንት ሲሞላ በሰገራ ተመርመሩ። የብረት እንክብል ሳትወስዱ ሰገራችሁ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ ግን ወደ እኔ አትምጡ፤ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።