ድንኳን ውስጥ ለምታድር የሦስት ዓመት ልጅ ስንት ብርድ ልብስ ይያዝ?

ብርድ ልብስ ከመደራረብሽ በፊት ከሥር የሚነጠፈውን አስቢ። ድንኳን ውስጥ ብርዱ በጣም የሚሰማው ከመሬት ነው። ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ያዢ። በአየር የሚነፋው ብቻውን አይበቃም፤ ውስጡ ያለው አየር ራሱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ ለእሷ ሁለት ብርድ ልብስ በቂ ነው።

የሌሊት ልብሷን፣ ካልሲዋንና ኮፍያዋን ለብቻ በአንድ ፌስታል አድርጊና ሻንጣው ላይ ከላይ አስቀምጪው። ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ ሊመሽ ይችላል። በጨለማ ሻንጣ መበርበር ደግሞ ከሚያለቅስ ልጅ ጋር ከባድ ነው።

መጫወቻ አታብዢ። ጠጠርና እንጨት ካገኘች ይበቃታል።

አንድ ነገር አደራ፦ ምንም ቢበርድ ከሰል ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቢ፣ የጠፋ የሚመስል ፍም እንኳን ቢሆን። በየጉዞው «ትንሽ ይሙቅልን» የሚል ሰው አይጠፋም። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።